ቀለበት ሲጠፋ መጀመሪያ መሬቱ ይጠየቅ

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፤ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ።

  ከለንደን ለእድራችሁ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ልላክ ብል «እኛ የሆቴል ዘበኛ ነን?» ማለትዎ አይፈረድብዎትም። በአገራችን መሣሪያው የሚታወቀው በሆቴልና በባንክ በር ወገባችንን ሲዳብስ ነው። እዚህ አገር ግን ይዘውት በየባሕሩ ዳርቻ የሚዞሩ ሰዎች ሞልተዋል፤ ቀለበቱ አሸዋ የገባበት ሰው ሲጠራቸው ይፈልጉለታል፤ ከመጓጓዣ በላይ የማይጠይቁም አሉ። ነገሩ ምትሐት አይደለም። በዘንጉ ጫፍ ያለው የሽቦ ጥቅል መግነጢሳዊ ኃይል ወደ መሬት ይልካል፤ ኃይሉ ወርቅም ሆነ ብር ሲያገኝ በውስጡ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል፤ መሣሪያው ያንን ሰምቶ ይጮሃል። አንድ ስንዝር ያህል መሬት ውስጥ የገባ ቀለበት እንኳ ይሰማል።

የእኔ ክርክር ግን ስለ ወርቁ ሳይሆን ስለ ሰው ስም ነው። በእኛ አገር ወርቅ ሲጠፋ ከወርቁ በፊት የሚፈለገው ሌባው ነው። ድሮ ሌባሻይ ነበር፤ አንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው፣ ወገቡን በገመድ ይዘው ይለቁታል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። ቀለበቱ ከጣት ሾልኮ ጭቃ ውስጥ ተቀምጦም ቢሆን ሌባ አይታጣም ነበር! ዛሬ ሌባሻይ ቀርቷል፤ በምትኩ የቤት ሠራተኛዋ ሻንጣ ይበረበራል። ሳሙና የነካው ጣት ግን ቀለበት አይዝም። ኩልፎ ወንዝ ዳር ልብስ ሲታጠብ፣ በዮ ማስቃላ በዓል ሣር ላይ ሲጨፈር፣ በጥምቀት ሕዝቡ ሲጋፋ የሚወድቀውን ጌጥ የትኛዋ ሠራተኛ ሰረቀችው?

መሣሪያው ይሳሳታል ቢሉኝ እውነት ነው። ብረት የበዛበት ቀይ አፈር ያደናግረዋል፤ ቆርኪና የአሉሚኒየም ቁራጭም በከንቱ ያስቆፍራሉ። ግን ከመሣሪያው ይልቅ የሚያሳስተው አስቀድሞ የወሰነ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት ሲመቱ፣ የቴሌፎኑ ግራሃም ቤል ጥይቱን በእንዲህ ያለ መሣሪያ ሊፈልግ መጣ። ዋናው ሐኪም ጥይቱ በቀኝ በኩል ነው ብሎ ስለነበር በቀኝ በኩል ተፈለገ፤ የአልጋው የብረት ሽቦም ድምፁን አበላሸው። ሰውየው ከሞቱ በኋላ ጥይቱ በግራ ተገኘ። ሐኪሙ ሻንጣ በርባሪ ሳይሆን አይቀርም።

«ያገኘው ቢበላውስ?» የሚለው ከሁሉም ይከብዳል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የወደቀ ነገር ያገኘ ሰው ማግኘቱን እንዲያሳውቅ ያዛል። ሕጉ የማያስፈራውን ደግሞ የባህላችን ነውር ጎሜ ያስፈራዋል፤ የሰው ንብረት ደብቆ በሕዝብ መሰብሰቢያው ዱቡሻ ላይ መቆም ቀላል አይደለም። በመስከረም 2011 እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የተቆጣ ወጣት የመለሱ ሽማግሌዎች ባሉበት ከተማ፣ አንድ ቀለበት ማስመለስ የሚያቅት አይመስለኝም። የጥንት መቃብር እንዳይቆፈርበትም፣ መሣሪያው የጠፋው ጌጥ ባለቤት ሳይጠራው ከመጋዘን እንዳይወጣ እድሩ ይደንግግ፤ ጥንታዊ ቅርስ ከተገኘ በ1992 የወጣው የቅርስ አዋጅ ለመንግሥት አስታውቁ ይላል። ጫሞ ሐይቅ ላይ፣ አዞዎች በሚሰበሰቡበት አዞ ገበያ አካባቢ የወደቀ ወርቅ ግን ይቅር። መሣሪያው ቦታውን ቢያሳይም ጠላቂ አይገኝም።

እንግዲህ እድሩ ድንኳኑንና ብረት ድስቱን እንደሚያስቀምጥ መሣሪያውንም ያስቀምጥ እንደሆነ በሚቀጥለው ስብሰባ ያንሱትና ይጻፉልኝ። እስከዚያው ወርቅ የጠፋበት ጎረቤት ካለ፣ ሠራተኛዋን ከመጠየቁ በፊት የሳፋው ውኃ የተደፋበትን ቦታ በእጁ ይዳብስ።