የፖሙ ሰውዬ በካስተም

እኔ ፊልም ልይ ብዬ አልገባሁም። ከሰዓት በኋላ የጁባው ካስተም ገበያ ፀሐይ አናት ስትበሳ፣ ከአንድ ወገን የራክሻው (የባጃጁ) ጥሩምባ፣ ከሌላው የሚኒባስ ረዳቱ ጩኸት ሲያደነቁረኝ፣ ሻይ ልጠጣ ብዬ ነው ከአገሬ ልጆች ምግብ ቤት ጎራ ያልኩት። ለካ የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቶ ጎረምሶቹን ሰብስቧል።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ። የስቲቭ ጆብስ ታሪክ ነው፤ ትምህርት አለው።»

ትምህርት! በስልሳ ሰባት ዓመቴ! ሻዩ ታዝዟልና ተቀመጥኩ።

ፊልሙ በ2015 የወጣው ነው (ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ የምቆጥረው ጁባ አስለምዳኝ ነውና አትቆጡኝ)። ዳኒ ቦይል የሚባል እንግሊዛዊ አዘጋጅቶታል፤ ማይክል ፋስቤንደር የሚባለው ደግሞ ሰውየውን ሆኖ ይጫወታል። ከዚያ በፊት በ2013 አሽተን ኩቸር የተወነበት ሌላ ፊልም ነበር አሉ። በ1999 ደግሞ እሱንና ቢል ጌትስን አንድ ላይ አድርገው ለቴሌቪዥን ሠርተዋል። ኧረ ለመሆኑ ሰው ስንት ጊዜ ይዘከራል? ሙት ዓመት እንኳ በዓመት አንዴ ነው!

ታሪኩ ምን መሰላችሁ? ሰውየው ከመድረክ ጀርባ ቆሞ ይጮሃል። በቃ። ጊዜው 1984 ነው፤ ማኪንቶሽ የተባለውን ኮምፒዩተር ለሕዝብ ሊያሳይ ተዘጋጅቷል። ኮምፒዩተሩ በራሱ አንደበት «ሄሎ» ማለት ነበረበት፤ እምቢ አለ። ሰውየው አንድ ምስኪን መሐንዲስ ላይ ይወርድበታል። ይባስ ብሎ አዳራሹ ድቅድቅ እንዲል የመውጫ በሩ መብራት ሳይቀር ይጥፋልኝ ይላል። እሳት ቢነሳ ሕዝቡ በየት ይውጣ፣ ሕግ አለ ይሉታል፤ ወይ ፍንክች! እኛ እዚህ ካስተም መብራት እንዲመጣ ስንሳል እንኖራለን፣ እሱ እንዲጠፋለት ይለምናል።

እንደ ምንም ሰዓቱ ደረሰ። ሕዝቡ አጨበጨበ፣ ሰውየው ወደ መድረኩ ሊወጣ ሲል... ፊልሙ ቁርጥ አለ።

«ጄኔሬተሩ ነዳጅ ጨረሰ እንዴ?» ብዬ ተጣራሁ።

«አይ ጋሼ፣ እንዲህ ነው የተሠራው።»

ከዚያ 1988 መጣ። ከአፕል ተባርሮ ኔክስት የሚባል ጥቁር ሣጥን ይዟል። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ሊያሳየን ሲል ቁርጥ። በ1998 አይማክን ይዞ ሲመለስም እንዲሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሙሽራው ሲለብስ አይቼ ሰርጉን ሳላይ ቀረሁ! ልጆቹ ግን «ጥበቡ እዚያ ላይ ነው» ይሉኛል።

ስለ ኮምፒዩተሯማ የባሰ ነገር ነገሩኝ። ያን የ1984 ቀን በሕዝብ ፊት የተናገረችው ማኪንቶሽ 512 ኪሎባይት ማስታወሻ የነበራት ናት፤ ለገበያ የቀረበችው 128 ብቻ ነበራት። ኪሎባይት ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ሂሳብ ግን አውቃለሁ። በእኛ ገበያ ናሙናውን አንድ፣ ከጆንያው ሌላ የሚሸጥ ነጋዴ ስሙ የታወቀ ነው፤ ፊልም አይሠራለትም። ሊሳ የምትባለውን የሰውየውን ልጅስ? «የእኔ አይደለችም» ብሎ ክዶ ሲያበቃ፣ አንዱን ኮምፒዩተር ሊሳ ብሎ ጠራው!

አንጀቴን የበላኝ ባልደረባው ዎዝኒያክ ነው። ብየዳውን የበየደ፣ አፕል ሁለት የተባለውን ኮምፒዩተር የሠራ፣ ቤቱን ለዓመታት ያበላ እሱ ነው። ፊልሙ ላይ «የአፕል ሁለትን ልጆች ስማቸውን አንስተህ አመስግንልኝ» ብሎ ይለምናል። አንዲት ዓረፍተ ነገር! ሰውየው አልወጣውም። ሮናልድ ዌይንማ ጭራሹን ተረስቷል። በ1976 አፕልን ከመሠረቱት ሦስት ሰዎች አንዱ ነው፤ ከዛፍ ሥር የተቀመጠውን ኒውተን ያለበትን የመጀመሪያውን ዓርማ የሳለው እሱ ነው። ያቺ በቀኝ ጎኗ የተነከሰችው ፖም በኋላ የመጣች ናት። ዌይን በ12 ቀኑ አሥር ከመቶ ድርሻውን በ800 ዶላር ለቀቀ። ይህን ሲነግሩኝ ሻዩ ትን አለኝ። እኔም የውኃ ቦቴ ላይ የነበረኝን ግማሽ ድርሻ የሸጥኩት የጁባ ውኃ ዋጋ ሰማይ ሊነካ ሁለት ወር ሲቀረው ነው። ዌይንን አግኝቼ ቡና ብጋብዘው ደስ ይለኛል።

«ታዲያ ጋሼ፣ የማን ፊልም ይሠራ ነው የሚሉት?»

«የኖህ ሳማራ።»

«ማን ነው እሱ?»

ይኸው! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው። የአፕልን የካሊፎርኒያ ጋራዥ ወለል በቃላቸው ያውቃሉ፣ የገዛ አገራቸውን ልጅ ማን ነው ይላሉ። ኖህ ሳማራ ኢትዮጵያ የተወለደ ሰው ነው። ኤድስ አፍሪካን ሲፈጃት እያየ፣ ለዚህ ሕዝብ ወሬ የሚያደርስ ሬዲዮ ከሰማይ ላውርድ ብሎ በ1990 ዎርልድስፔስን አቋቋመ። በጥቅምት 1998 አፍሪስታር የተባለችው ሳተላይቱ ኩሩ ከተባለው የሮኬት ማስወንጨፊያ በአሪያን ሮኬት ተተኮሰች። 36,000 ኪሎ ሜትር ላይ፣ የምድር ወገብ አናት፣ ከጁባ ወደ ምዕራብ ተሰቀለች። እኔ ጣራዬ ላይ ዲሽ ለመስቀል ሦስት ሰው ጠርቻለሁ! አሜሪካኖች በመኪናቸው ይሰሙት የነበረው ኤክስኤም የተባለው የሳተላይት ሬዲዮ ሲጀመርም የእሱ ገንዘብና ቴክኖሎጂ ነበረበት።

በ2005 ድርጅቱ ናስዳክ የተባለው የአክሲዮን ገበያ ገባ፣ በ2008 ደግሞ ከሰረ። ሬዲዮኑ ጠፍጣፋ አንቴና ያለው ጥሩ ዕቃ ነበር፤ ዋጋው ግን ለታሰበለት ገበሬ የሚቀመስ አልነበረም። በመጨረሻ ለአፍሪካ የታሰበው ነገር ደንበኛው ባብዛኛው ህንድ ሆነ። ይሄ ፊልም አይወጣውም? ሮኬቱ ሲተኮስም ቁርጥ አይደረግም፤ እስከ ጭሱ ድረስ እናየዋለን!

«ግን ጋሼ፣ ሰውየው ይጮህ ነበር?» አለኝ አንዱ።

«እኔ ምን አውቄ!»

«ካልጮኸ ፊልም አይሆንማ።»

ልመልስለት አፌን ስከፍት ጄኔሬተሩ፣ አሁንስ የእውነቱን፣ ቀጥ አለ። ጨለማ። ስነሳ የፕላስቲክ ወንበር ጉልበቴን መታኝ፤ ብርጭቆ ወደቀ።

«መብራት! የመውጫው በር የታለ? ኧረ መብራት አምጡ!»

«ጋሼ፣ ልክ እንደ ሰውየው ነው እኮ የሚጮሁት» አለች አስተናጋጇ ከጨለማው ውስጥ፣ እየሳቀች።

«እኔ እንኳ ይብራ ብዬ ነው!»

የእህቴ ልጅ የስልኩን ባትሪ አብርቶ እስከ በሩ ሸኘኝ። ካስተም ገበያ በውድ የገዛው አይፎን ነው፤ ሲኮራበት አይጣል። ደጃፉ ላይ ተቀብዬ ገልበጥ አድርጌ አየሁት። ፖሟ የተነከሰችው በግራ በኩል ነው።