የጃፓኑ ቀበሌ፦ ስለ ታዛቢ ተማሪ የቀረበ መጠነኛ ጥናት

ከአዲስ አበባው ጠመንጃ ያዥ ተነሥቶ በስኮላርሺፕ ጃፓን የገባ ልጅ ዓመት ሳይሞላው የፖለቲካ ተንታኝ እንደሚሆን በሰፈሩ የታወቀ ነው። የሄደበት ትምህርት የመንገድ ምሕንድስና ቢሆንም ለውጥ የለውም። ጀበናው ዙሪያ የተቀመጡ ጓደኞቹ በቪዲዮ ሲደውሉለት ባቡሩ በሰዓቱ ከች እንደሚል፣ የጠፋ ቦርሳ ከነብሩ እንደሚገኝ፣ ሰዉ ሳይጋፋ እንደሚሰለፍ ያስረዳና «የኛ ችግር ሥርዓት ማጣት ነው» ብሎ ይዘጋል። ይህ ጥናት ትንታኔውን እንደ አንድ የታሪክ ሰነድ አክብሮ ሲመረምረው ያልተጠበቀ ውጤት ላይ ደርሷል። ልጁ ባሕር ተሻግሮ የወደደው ቀበሌን ነው።

ማስረጃው የሚያከራክር አይደለም። ጃፓን ከሦስት ወር በላይ የሚቀመጥ የውጭ አገር ሰው የመኖሪያ ካርድ ይሰጠዋል፤ 16 ዓመት ከሞላው ካርዱን ሳይዝ መንቀሳቀስ አይፈቀድለትም። ቤት በያዘ በ14 ቀን ውስጥ በአካባቢው ማዘጋጃ ቤት መመዝገብ አለበት። ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር፣ በተለምዶው አሠራር፣ ከለቀቀበት ማዘጋጃ ቤት ወረቀት አስጽፎ ለአዲሱ ያስገባል። ይህችን ወረቀት የልደታ ሰው መሸኛ ይላታል። ከትምህርቱ ጎን መሥራት ቢያምረውም ፈቃድ ያወጣል፤ ሴሚስተሩ እስኪያልቅ በሳምንት ከ28 ሰዓት በላይ መሥራት የለም። ቆሻሻውንም ቢሆን እንዳሻው አይጥልም፦ የሚቃጠለው በራሱ ቀን፣ ፕላስቲኩ በራሱ ቀን። ያለ ቀኑ የወጣ ከረጢት ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበት ባለቤቱን እየጠበቀ ደጅ ይውላል፤ ጎረቤትም አይቶ ያልፋል። የኛ ወረዳ «የፕላስቲክ ቀን ሐሙስ ነው፣ መልሰህ አስገባ» ቢለው ይኸው ልጅ ጉዳዩን ሰብአዊ መብት ኮሚሽን ያደርሰው ነበር። ጃፓን ላይ ግን ፎቶ አንስቶ «ሥልጣኔ» ብሎ ይልክልናል።

እርግጥ ነው፣ «እዚያ እኮ ሁሉ ነገር በቴክኖሎጂ ነው፤ ‹ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለስ› የሚል የለም» የሚሉ ተቃዋሚዎች አሉ። በቅልጥፍናው አንከራከርም። ነገር ግን ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት ወረቀት አይደለም የሚለውን እምነት የፈጠርነው እኛ ብቻ እንዳይመስላቸው። የያኔው የጃፓን ሚኒስትር ታሮ ኮኖ መሥሪያ ቤቶችን ከማኅተም ለማላቀቅ ዘመቻ የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ2020 ነው፤ ሰነድ በፍሎፒ ዲስክ ይቅረብ የሚሉት ደንቦች የተሻሩት ደግሞ በ2024። ፍሎፒ የሚባለውን ነገር ጠመንጃ ያዥ ያሉ ልጆች በዓይናቸው አይተውት አያውቁም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል፦ «እዚያ ዴሞክራሲ አለ።» ይሁንና የጃፓኑ ሊበራል ዴሞክራቲክ ፓርቲ እ.ኤ.አ. በ1955 ከተመሠረተ ጀምሮ ከመንግሥትነት የወረደው ሁለት ጊዜ፣ ያውም ለአጭር ዘመን ብቻ ነው። ልጁ አገሩ ሳለ አንድ ፓርቲ 27 ዓመት ገዛ ብሎ ቡናው እስኪበርድ ይከራከር ነበር፤ አሁን የዚያ እጥፍ ሲገጥመው «መረጋጋት» ይለዋል። በርግጥ ጃፓን ላይ ድምፅ ይቆጠራል፣ የተሸነፈም ወንበሩን ይለቅቃል፤ ይህ ታላቅ ልዩነት ነው። ጥናቱን ያስገረመው ልጁ ይህን አንድም ቀን አለማንሣቱ ነው። ዋናውን ትቶ ባቡሩን ያወራል።

በዚህ ግን እሱን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ በሽታው የቆየ ነው። ሩሲያ የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያረቀቁት የሐምሌ 1923ቱ ሕገ መንግሥት የተቀዳው እ.ኤ.አ. ከ1889ኙ የጃፓን ሕገ መንግሥት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን የጻፉት ከዚያ ወዲህ ነው። መጀመሪያ ሕጉ ተቀዳ፣ ቀጥሎ አገሩ ታየ። ከተቀዳውም ውስጥ ሳይጎድል የደረሰልን ንጉሠ ነገሥቱ አይከሰስ አይወቀስ የሚለው ክፍል ነበር። ፓርላማውማ በሕዝብ ድምፅ ለመመረጥ ገና ብዙ ዓመት ቀርቶት ነበር። በቅርቡም የጃፓኖቹን የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ካይዘንን አምጥተን ኢንስቲትዩት አቋቁመንለታል፤ ፖስተሩን የለጠፈ ቢሮ ሁሉ ግን ጠረጴዛውን አጸዳ ማለት አይደለም።

ስለዚህ ለመሄድ ፎርም የምትሞሉ ልጆች፣ ከመነሣታችሁ በፊት ወረዳችሁ ሄዳችሁ አንድ መሸኛ አስጽፉ፤ ለቶኪዮ ኑሮ ከዚህ የተሻለ ልምምድ የለም። እዚያ ስትደርሱ ደግሞ ስለ ባቡሩ ተነግሮናልና ይብቃችሁ። የምርጫ ቀን ሲመጣ ድምፁ እንዴት እንደሚቆጠር አይታችሁ እሱን ንገሩን።