«በዚህ በኩል!»፦ የአጋፋሪው የልጅ ልጆች በንፋስ ስልክ ላፍቶ

ሰው ወደ ቴአትር ሲሄድ የሚያስበው መድረኩን ነው። ከመድረኩ በፊት ግን በሩ ላይ አንድ ፍጡር ቆሟል፤ አንገቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሎ፣ በግራ እጁ የቲኬት ቅዳጅ ጨብጦ፣ ቀኝ እጁን ወደ ጨለማው ዘርግቶ «በዚህ በኩል» ይላል። ስለ ተዋናይ ብዙ ተጽፏል። ስለ ደራሲም እንዲሁ። ስለሚያፈስ የአዳራሽ ጣሪያ እንኳ ስንት ማመልከቻ ተጽፏል። ለዚህ ሰው የተረፈ ቀለም ግን ያለ አይመስልም። ክፍተቱን ለመሙላት ይህ አጥኚ በክፍለ ከተማችን ስሟ በማይጠራ አንዲት አዳራሽ አንድ ክረምት ሙሉ በበጎ ፈቃድ ቆሟል። ቆሟል ሲባል በዘይቤ አይደለም፤ ወንበር አልነበረም። በጎነቱ የእኔ፣ ፈቃዱ የእናቴ ነበር።

ጥናቱ ሁለት ጥያቄዎች ይዞ ተነሣ። አንደኛ፦ ደመወዝም፣ ሥልጣንም፣ ዱላም የሌለው ሰው ሌላውን ሰው በምን ኃይል ወንበር ላይ ያስቀምጣል? ሁለተኛ፦ ለክብር እንግዶች ጠረጴዛ ላይ የሚደረደረውን ውሃ በመጨረሻ የሚጠጣው ማን ነው?

ከስያሜው እንጀምር። ባጃችን ላይ የተጻፈው «አስተናጋጅ» ነበር። ቃሉ ጨዋ ነው፤ ዘሩ ሲቆጠር ከእንግዳ፣ ከመንገድና ከነጋዴ ጋር ይዛመዳል፤ ሁሉም የሚወጡት ሄደ፣ ተጓዘ ከሚለው የግዕዝ «ነገደ» ነው። መንገደኛን የሚቀበል እንደ ማለት ነው። ይህ በመዝገበ ቃላት ነው። ከመዝገበ ቃላት ውጭ ባለችው አዲስ አበባ ግን አስተናጋጅ ማለት ማኪያቶ የሚያመጣ ሰው ነው። በመጀመሪያው ምሽት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያስቀመጥኳቸው አንዲት እናት በእጃቸው ጠቀሱኝና፣ «ልጄ፣ አንድ አምቦ ውሃ፤ ቀዝቃዛ እንዳይሆን» አሉኝ። የለም አልኳቸው። «ታዲያ ምን አለ?» አሉኝ። ቴአትር አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና «ይሁን፣ አምጣው» አሉ።

አዘጋጆቹም ነገሩ ገብቷቸው ኖሮ በሁለተኛው ሳምንት ባጁን ለውጠው «አስተባባሪ» አሉን። ይኸኛው ደግሞ ከፍ አደረገን። ሰዎች የኮንዶሚኒየም ዕጣ መቼ እንደሚወጣ ይጠይቁን ጀመር።

ስለ ጥናቱ ክልል አንድ ነገር መባል አለበት። ሽቦ ሳይዘረጋለት ቃል የሚያደርሰው ሬዲዮ ቴሌግራፍ አገራችን ሲገባ አማርኛው «ነፋስ ስልክ» ብሎ ሰየመው፤ ሰፈሩም በጣቢያው ተጠራ። በገመድ አልባ መሣሪያ ስም በተሰየመ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ የአዳራሻችን ገመድ አልባ ማይክራፎን አንድ ንግግር እንኳ እስከ መጨረሻው አድርሶ አለማወቁ ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል። እኔ የቆምኩት ግን ለወንበር ነው።

ወንበር በዚህ አገር ቀላል ነገር አይደለም። በድሮው ችሎት ዳኞቹ ራሳቸው «የቀኝ ወንበር»፣ «የግራ ወንበር» ይባሉ ነበር፤ ሰውየው ከነመቀመጫው አንድ ሆኖ ማለት ነው። ዛሬም «ወንበሩን አይለቅም» ሲባል ስለ ቤት ዕቃ የሚመስለው ሰው የለም። ስለዚህ ሰውን ማስቀመጥ በቤተ መንግሥት የታወቀ ሹመት ነበረው፤ ሹሙም አጋፋሪ ይባላል። ግብር ሲገባ ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ፣ ማን በየትኛው ተራ እንደሚገባ፣ ማን ደጅ ቆሞ እንደሚጠብቅ የሚያውቀው እሱ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ አዳራሽ መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱና መኳንንቱ በመጋረጃ ተከልለው ይበላሉ፤ ኋላ መጋረጃው ይገለጥና ሠራዊቱ በየተራው ይገባል። ያ ሁሉ ሺህ ሰው ያለ ማይክራፎን፣ ያለ ቲኬት፣ ያለ ባጅ ተቀምጦ በልቶ ይወጣ ነበር። እኛ ሁለት መቶ ሰው ለማስቀመጥ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅብናል። ልዩነቱ ምን እንደሆነ ስመረምር የደረስኩበት፣ እዚያ ጥሬ ሥጋ ነበረ።

ቴአትር የመጣው በኋላ ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔታቸውን ለመኳንንቱ ባሳዩ ጊዜ፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ ተውኔቱ ሹማምንቱን ይነካል ተብሎ ታገደ። የሥነ ጽሑፍ ሊቃውንት ምክንያቱን በጽሑፉ ውስጥ ይፈልጉታል። በአስተናጋጅ ዓይን ሲታይ ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው፤ ተመልካቹ በሙሉ የክብር እንግዳ በሆነበት አዳራሽ ሁለተኛ ረድፍ የሚባል ነገር ሊኖር አይችልም፤ ሁለተኛ ረድፍ ላይ የተቀመጠ መኮንን ደግሞ ምንም ቢያሳዩት አይስቅም። በ1927 ሀገር ፍቅር ተቋቋመ፤ በ1948 ደግሞ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ለንጉሠ ነገሥቱ 25ኛ የንግሥ በዓል ተመረቀ። ከዚያ ወዲህ አጋፋሪው ካባውን አውልቆ ባትሪ ያዘ።

በአሜሪካ በብዙ ቴአትር ቤቶች ይህን ሥራ የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ብዙዎቹ ጡረተኞች ሲሆኑ ጥቁር ሱሪና ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ሰውን አስቀምጠው ሲጨርሱ ትርኢቱን በነጻ ያያሉ። ውሉ ግልጽ ነው። በእኛ አዳራሽ መግቢያው ለሁሉም በነጻ ስለሆነ ይህ ማባበያ አይሠራም። (በነጻም ቢሆን ቲኬት አለ። ነጻውን ቲኬት እንቀዳለን፤ ግማሹን ለባለቤቱ መልሰን ግማሹን ካርቶን ውስጥ እናስቀምጣለን፤ ካርቶኑን የጠየቀን ሰው የለም።) ለእኛ የተሰጠን ቲሸርት፣ በየምሽቱ አንድ ዳቦ፣ በመጨረሻም ሰርተፍኬት ነው። ቲሸርቱ በአንድ ልክ ብቻ የመጣ ስለሆነ ግማሾቻችን ልጅ፣ ግማሾቻችን ቄስ መስለን ቆምን።

እርግጥ አገሩ በጎ ፈቃደኛ አስተናጋጅ አጥቶ አያውቅም። በጥምቀት ታቦቱ በሚያልፍበት መንገድ ምንጣፍ ከኋላ እየጠቀለሉ ወደ ፊት እየሮጡ የሚያነጥፉትን ወጣቶች ያየ ሰው ይህን አይስትም። እሑድ ጠዋት በወንጌላውያን ጸሎት ቤቶች በር ላይ ሙሉ ልብስ ለብሰው ፈገግ እያሉ ወንበር የሚያሳዩትም አሉ። እነዚህ ሲናገሩ ሰው ይሰማቸዋል። ከኋላቸው ፈጣሪ አለ። ከእኛ ኋላ የነበረው የድምፅ ባለሙያው ነው፤ እሱም ገመድ ፍለጋ እንደወጣ ነው።

ከአምስታችን በጎ ፈቃደኞች ሙያው የተዋጣለት አንድ ልጅ ብቻ ነበር። ትምህርቱን የቀሰመው ከጀሞ ሜክሲኮ በሚሠራ ሚኒባስ ላይ በረዳትነት ነው። እኛ «ይቅርታ፣ ትንሽ ጠጋ ቢሉልን» እያልን ስንለማመጥ እሱ በአንድ ትንፋሽ «ጠጋ ጠጋ፣ አንድ ሰው፣ እናት ልጁን እቀፊው፣ ሞላ!» ይላል፤ ለአራት በተሠራ አግዳሚ ላይ ስድስት ሰው ቁጭ። ማንም አይቆጣውም። የአዲስ አበባ ሰው ሲለመን ይጠራጠራል፤ ሲገፋ ግን ታክሲ ውስጥ ያለ ስለሚመስለው ይታዘዛል። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ በከፊል ይኸው ነው። ልጁ አዳራሹ ጢም ሲል ግድግዳውን ሁለቴ በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «ሳበው!» የማለት ልማድ ነበረው። መጋረጃ ሳቢው ይህን እንደ ምልክት ለመደው። እስከ ክረምቱ ማለቂያ ትርኢቱ የሚጀመረው እንዲህ ነበር።

ሙያው የማይበግራቸው ግን ነበሩ። ከእነዚህ ዋነኛዋ «የተያዘ ነው» ናት። ነጠላዋን ሰባት ወንበር ላይ ዘርግታ መሐል ላይ ትቀመጣለች። ለማን ነው ሲሏት «መንገድ ላይ ናቸው»። የት ደረሱ ሲሏት «ሃና ማርያም»። ከግማሽ ሰዓት በኋላም ሃና ማርያም ናቸው። ነጠላውን ለማንሣት የሞከረ ፈቃደኛ የለም፤ ነጠላ በሕግ ያልተጻፈ ካርታ ነው። ቀጥሎ የተዋናይ እናት ትመጣለች፤ ፊተኛው ረድፍ ካልሆነ አትቀመጥም፤ ልጇ ሦስተኛዋ ዛፍ ናት። ዛፎቹ መጨረሻው ትዕይንት ላይ ናቸው ብንላትም ያው ነው። አንድ ጎረምሳ ደግሞ «ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?» ብሎኛል። ባጄን አይቶ መጠየቁ ስለነበር ጥያቄውን ለአስተባባሪው አስተላለፍኩት። አስተባባሪውም እኔ ነበርኩ።

ከሁሉ በላይ ሰፊ ቦታ ሊሰጠው የሚገባው የ«ኖር» ክስተት ነው። በአራተኛው ምሽት፣ ትርኢቱ ተጀምሮ፣ መድረኩ ላይ አባት ልጁን ሊረግም አፉን በከፈተበት ቅጽበት፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ አንድ አዛውንት ከነከዘራቸው በሩ ላይ ቆሙ። መሐል ረድፍ ላይ አንድ ክፍት ወንበር ነበር። «አባባ፣ በዚህ በኩል» አልኩና መራኋቸው። ረድፉ መግቢያ ላይ የተቀመጡት ሰውዬ ከወገባቸው ብድግ ብለው «ኖር!» አሉ። አዛውንቱ «በእግዜር!» አሉ። ሁለተኛው ሰው ተነሣ፤ «ኖር!» «በእግዜር፣ በእግዜር፣ አትነሡ!» ሦስተኛው ሊነሣ ሲል የወንበሩ እግር ሲሚንቶው ላይ ጮኸ። ከኋላ ያሉት ከፊታቸው ያለው ሰው ሲቆም ምን መጣ ብለው ቆሙ፤ ከእነሱ ኋላ ያሉት ደግሞ የሕዝብ መዝሙር መስሏቸው ቆሙ። ክፍቱ ወንበር ጋ ስንደርስ አጠገቡ ያለው ወጣት የራሱን ለቀቀላቸው፤ ምቹ ነው ብሎ። «በሞቴ ተቀመጥ ልጄ» አሉት። «እርስዎ ይቀመጡ አባባ»። «እኔ ምን አለኝ፣ አሁን እሄዳለሁ»። «ኧረ በፈጠረዎት!» ሁለት ባዶ ወንበሮች፣ የቆሙ ሁለት ሰዎች፣ መሐላቸው እኔ። መድረኩ ላይ ያለው አባት እርግማኑን በአፉ እንደያዘ ጠበቀ። ልጅየው፣ ተረጋሚው፣ ከመድረክ ጠርዝ ጎንበስ ብሎ «አባባ ይቀመጡ እንጂ» አለ። ያኔ ተቀመጡ። አዳራሹ ተቀመጠ። እርግማኑ ቢቀጥልም ጉልበት አልነበረውም፤ ልጁ ጨዋ መሆኑን ሰው ሁሉ አይቷል።

ይህን ለውጭ አገር አስተናጋጆች መመሪያ የሚጽፍ ሰው የት ቦታ እንደሚያስገባው አላውቅም።

ዝናቡም መጠቀስ አለበት። ነሐሴ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። በረዶ ሲጥል ተዋናዮቹ አፋቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። በዚህ ጊዜ ጉዳያቸው ቴአትር ያልሆነ ሰዎች ይገባሉ፤ ሸንኮራ ሻጭ፣ ዶሮ በዘንቢል የያዘች ሴት፣ ሁለት የሊስትሮ ልጆች ከነሣጥናቸው። ቲኬት የላቸውም፤ በር ላይ ቆመን ማስወጣት ነበረብን፤ አላስወጣንም። እኔ እንዳየሁት በዚያ ክረምት ስልክ ሳይነካኩ እስከ መጨረሻው የተመለከቱት እነሱ ናቸው። ዝናቡ ካባራ በኋላም አልወጡም። ዶሮዋም ጸጥ ብላ አየች።

አሁን ወደ ውሃው። ፊት ለፊት፣ ከፕላስቲኩ ወንበር ሁሉ ቀድሞ፣ ከአንድ ቢሮ በሰው ትከሻ የመጡ ሦስት ሶፋዎች አሉ። ፊታቸው ዝቅ ያለ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ የሶፍት ካርቶን፣ ስድስት ሃይላንድ። «የተያዘ» የሚል ወረቀት በፕላስተር ተለጥፏል። የክብር እንግዳው በ10 ሰዓት ይመጣሉ። በ11 ሰዓት ተወካያቸው እንደሚመጡ ይነገራል። በ11 ተኩል የተወካዩ ተወካይ ይመጣና ለአስቸኳይ ስብሰባ ስለሚፈለግ ንግግሩን ቆሞ አድርጎ ይሄዳል። በመላው የጥናት ዘመን ሶፋው ላይ የተቀመጠ ሰው አላየሁም። ማታ አዳራሹን ስናጸዳ ግን ስድስቱም ጠርሙስ ባዶ ነው። ልጆቹን ጠረጠርን፤ የድምፅ ባለሙያውን ጠረጠርን፤ ዛፎቹንም ጠረጠርን።

በመስከረም ሰርተፍኬት የሚሰጠን ቀን ተጠራን። ተሸላሚዎቹ እኛው ስለሆንን በር ላይ የሚቆም ሰው አልነበረም። ከአምስታችን ሦስቱ በልማድ ሄደው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ረዳቱ ግን ዘወር ዘወር ብሎ አየና እኔን በትከሻዬ ይዞ «ጠጋ በል፣ ጋሼ» ብሎ ሶፋው ላይ አስቀመጠኝ፤ ራሱም አጠገቤ ተቀመጠ። ጥልቅ ብሎ የሚገባ ሶፋ ነው፤ ጉልበት ከአገጭ ይገናኛል። ተወካዩ ዘገየ። ማይክራፎኑ ሁለት ጊዜ «ሄሎ፣ ሄሎ» አለና ተዘጋ። ከኋላዬ አንድ ሰው «እነዚህ ደግሞ እነማን ናቸው?» ሲል ሰማሁ። ሌላው «ከላይ የመጡ ናቸው መሰለኝ» አለው።

አንዱን ሃይላንድ አነሣሁና ክዳኑን ፈታሁ። ለብ ያለ ነው።