የሃያ ዶላር ገና

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ለእትዬ፤

እማዬ ጉልበቷን እንዴት አደረጋት? ልጆቹስ? እኔ ከእናንተ ናፍቆትና ከክሬዲት ካርዴ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ። ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈው እንደምትይ አውቃለሁ። በስልክማ ገና አፌን ስከፍት «እሱን ተወውና» ትይኛለሽ። ይህን ግን ሳታቋርጪኝ እንድትሰሚኝ ፈለግሁ። ጉዳዩ የገና ስጦታ ነው። ዘንድሮ ሻንጣ አይመጣም። ወረቀቱን አትወርውሪው፣ ምክንያቱን አንብቢ።

ያምናውን ሻንጣ ታስታውሻለሽ። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ወዳጄ ከተፈቀዱለት ሁለት ሻንጣዎች አንዱን ለቀቀልኝ። እንዲህ ያለ ሰው እዚህ ከወርቅ ይወደዳል። ትኬት መቁረጡ እንደተሰማ ስልኩ እረፍት የለውም፤ አንዱ መድኃኒት፣ ሌላው ላፕቶፕ፣ አንዷ ደግሞ «አንዲት ፌስታል ብቻ ናት፣ ቀላል» ብላ የብረት ድስት ታመጣለች። እኔም 23 ኪሎ ተሰጥቶኝ ባዶ ከምተወው ብዬ ብላክ ፍራይደይ ወጣሁ።

ብላክ ፍራይደይ ታንክስጊቪንግ የሚሉት የምስጋና በዓል ማግስት ነው። ስሙን ያወጡለት የፊላደልፊያ ፖሊሶች ናቸው ይባላል፤ በዚያን ቀን የሚገጥማቸውን የመኪናና የሰው ግርግር አማርረው ነው እንጂ ለማሞገስ አልነበረም። በዓሉ ራሱ በኖቬምበር አራተኛ ሐሙስ ይውላል። ዘንድሮ ኅዳር 18 ዋለና ጾመ ነቢያት ከገባ በአራተኛው ቀን ሆነ፤ እነሱ ተርኪያቸውን ሲቆራርጡ እኔ ሽሮዬን ይዤ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ይህ አራተኛ ሐሙስ እንዴት እንደተገኘ ብነግርሽ አታምኚኝም። በፈረንጆቹ 1939 ኖቬምበር አምስት ሐሙስ ነበረውና በመጨረሻው ሐሙስ ይከበር የነበረው በዓል የወሩ መጨረሻ ቀን ላይ ሊወድቅ ሆነ። ነጋዴዎቹ «እስከ ገና ያለው የመሸጫ ጊዜ አጠረብን» ብለው ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት አቤት አሉ። ሰውየውም በአንድ ሳምንት አስቀደመላቸው። ግማሽ ያህሉ ክፍለ ግዛት እሺ አለ፣ ሌላው እምቢ ብሎ በድሮው ቀን አከበረ፤ በ1941 በሕግ እስኪቆረጥ ድረስ አንድ አገር ሁለት ሐሙስ ይዞ ቆየ። እስቲ አስቢው፣ የመርካቶ ነጋዴ ተሰብስቦ «በግ ተርፎናልና ፋሲካን በሳምንት አስቀድሙልን» ብሎ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ፊት ሲቆም!

ወደ ሻንጣዬ ልመለስ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ አቅፌው ሚዛን ላይ ወጣሁ። እኔና ሻንጣው አንድ ላይ 104 ኪሎ ሆንን፤ የራሴን 78 ስቀንስ 26። ሦስት ኪሎ መውጣት አለበት። ለጋሼ የገዛሁትን ሸሚዝ ላውጣው አላውጣው እያልኩ ሳገላብጠው አንገቱ ላይ የተሰፋችው ቁራጭ ጨርቅ ታየችኝ። «ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራ» ትላለች።

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። በ2008 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ «የኛ ሸሚዝ አሜሪካ ሊገባ ነው» ብለን ተደስተን አልነበር? ይኸው ገባ። የሐዋሳ ይሁን የሌላ ቦታ ጨርቋ አትናገርም። ብቻ አንዲት የአገሬ ልጅ የሰፋችው ሸሚዝ ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ በቅናሽ ተሰቅሎ፣ እኔ በካርድ ገዝቼው፣ እንደገና በአውሮፕላን ሊመለስላት ተዘጋጅቷል። ከእኔ ይልቅ ዓለም ያየ ሸሚዝ ነው። ጋሼ ለብሶት በቪዲዮ «የአሜሪካ ነገር እኮ ስፌቱ ሌላ ነው» ሲል ድምፄ የጠፋው ኔትወርክ ተበላሽቶ አልነበረም። አሁንም ቢሆን አትንገሪው።

የዚያን ሻንጣ ዕዳ ከፍዬ የጨረስኩት ሰኔ ላይ ነው። እዚህ የካርድ ወለድ በዓመት በመቶ ከሃያ በላይ ይሄዳል። ለእማዬ የላክሁት ጫማ ጠቧት ለጎረቤት ስትሰጠው እኔ ገና ወለዱን እየገፋሁ ነበር። የጎረቤታችንን እግር እግዚአብሔር ይባርከው።

ስጦታ መስጠትን ትንሽ ያስተማረኝ መሥሪያ ቤቴ ነው። የምሠራበት የአዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ ገና ሲቃረብ ሲክሬት ሳንታ የሚሉት ነገር አለ። ገንዘብ የሌለበት እቁብ በይው። የሁላችንም ስም ተጽፎ ባርኔጣ ውስጥ ይገባል፤ ዕጣ ታወጫለሽ፤ ለደረሰሽ ሰው ማንም ሳያውቅ ስጦታ ትገዣለሽ፤ ሰጪው የሚታወቀው ሲከፈት ነው። ዋጋው ከሃያ ዶላር አይበልጥም።

በመጀመሪያው ዓመት ይህች «አይበልጥም» የምር አልመሰለችኝም። እኛ አገር «ምንም እንዳታመጡ» ተብሎ ባዶ እጁን የሚሄድ ማን አለ? የደረሰችኝ አለቃዬ ነበረች፤ የ85 ዶላር ቦርሳ ገዛሁላት። ስጦታ ደግሞ እዚህ ሰጪው ፊት ነው የሚከፈተው፤ እንደኛ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ጓዳ ማስገባት የለም። ወረቀቱን ቀደደች። ቦርሳውን አየች፣ እኔን አየች፣ መልሳ ቦርሳውን አየች። ክፍሉ ጸጥ አለ። በማግስቱ ቢሮዋ ጠርታኝ በብዙ ትሕትና መለሰችልኝ። እስካሁን አልጋዬ ሥር ነው። አንቺም እንዳትመኚው፣ ሻንጣ የለም ብያለሁ።

ለእኔ በዚያ ዓመት የደረሰኝ ሻማ ነበር፣ በብርጭቆ ውስጥ ያለ ወፍራም ሻማ። የቫኒላና የቅቤ ብስኩት ሽታ እንዳለው ተጽፎበታል፤ እኔ አላነበብኩም። ሻማ ሻማ ነው፣ ሻማ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ነው ብዬ እሑድ ይዤው ሄድኩና ሥዕሉ ፊት አበራሁት። ጾም ነው፣ ሰው እህል ውኃ አልቀመሰም። ቅዳሴው ሳይጋመስ ቤቱ ሁሉ ኬክ ቤት ኬክ ቤት መሽተት ጀመረ። ሕፃናት የእናቶቻቸውን ነጠላ እየጎተቱ «የታል?» ይላሉ። አጠገቤ የነበሩ አዛውንት አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። በመጨረሻ ዲያቆኑ ሽታውን ተከትሎ መጣና ብርጭቆውን በሁለት ጣቱ ይዞ አወጣው። የማን እንደሆነ ሲጠይቅ እኔም እንደ ሰዉ ሁሉ ወደ ኋላዬ ዞሬ ተመለከትኩ።

ያችን የሃያ ዶላር ወሰን በፊት በስስት ቆጥሬያት ነበር። በኋላ ሳስበው ግን የጽዳት ሠራተኛዋና ዋናዋ ኃላፊ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሳይተፋፈሩ እንዲቀመጡ ያደረገች እሷ ናት። ይሉኝታን በዋጋ ገድባዋለች። እኛም እኮ የዚህ ዓይነት ብልሃት አላጣንም። ቅርጫው ምንድነው? ብቻውን በሬ መግዛት የማይችል ሁሉ ተሰብስቦ ገዝቶ እኩል መደብ ይወስዳል፣ ማንም በማንም አያፍርም። የእንቁጣጣሽ ሥዕላችንስ? አንቺ አበባውን ትሥይልኛለሽ፣ እኔ ቀለሙን ከመስመር እያሳለፍኩ እቀባለሁ፣ ከዚያ ይዤ ጎረቤት እዞራለሁ። ጎረቤታችን እማማ ግድግዳቸው ላይ ለጥፈውት እስከ ፋሲካ ይቆይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሰጠሁት ዕቃ ሁሉ እስከ ፋሲካ የተሰቀለ አላውቅም።

እናም ዘንድሮ ፖስታ ጀርባ ላይ ሒሳቤን ጽፌ ወጣሁ። የወጣሁት ዓርብ አይደለም፣ ቅዳሜ። ከብላክ ፍራይደይ ማግስት ያለችው ቅዳሜ የትንንሽ ሱቆች ቀን ትባላለች፤ በፈረንጆቹ 2010 የጀመራት አሜሪካን ኤክስፕረስ፣ የካርድ ኩባንያው ነው። እዚህ ፌንተን ጎዳና ላይ ካሉት የኛ ሰው ሱቆች ወደ አንዷ ገባሁ። ባለቤቷ ራሷ ቆማ ትሸጣለች፤ የኪራይ ቀን ሲደርስ ከፊቷ ታውቂዋለሽ። አንድ ከረጢት የተቆላ የይርጋጨፌ ቡናና ሁለት ሲኒ መረጥኩ፣ 18 ዶላር ሆነ። ካርዴን ሳወጣ ፊቷ ዳመነ። ለካ በካርድ ሲከፈላት ከየመቶው ዶላር ሁለት ሦስቱ ለባንኩና ለካርድ ኩባንያው ይሄዳል። በካርድ ኩባንያው የበዓል ቀን በጥሬ ገንዘብ ከፈልኩላትና ፊቷ በራ። ልወጣ ስል «ቆይ» አለችና ቆሎ በላስቲክ ቋጥራ ምራቂ ጨመረችልኝ። እትዬ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ትልልቆቹ መደብሮች ውስጥ ገንዘቤን ስበትን አንድ ቀን ምራቂ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ቡናው የደረሰው ከኤል ሳልቫዶር የመጣ ሥራ ባልደረባዬ ነው። ዓርብ ዕለት ሁሉም ፊት ከፈተው። ከረጢቱን አፍንጫው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። አመሰግናለሁ ሊል ነው ብዬ ስጠብቅ «ጥሩ ነው፤ የአያቴ ይበልጣል» አለ። እነሱም ቡና አብቃዮች ናቸው ለካ! እኔ ቡና ከማን አገር እንደተነሳ ነገርኩት። እሱ ደግሞ ከማን ተነሳ ሳይሆን ማን ያሳምረዋል ነው ጥያቄው አለኝ። በማግስቱ የራሱን ይዞ መጣ። አሁን በየእረፍቱ አንዴ የኔ፣ አንዴ የሱ ይፈላል፤ ዳኞቹ አዛውንቶቹ ናቸው፤ ሁለታችንንም እያሞገሱ ሁለቱንም ይጠጣሉ። በ18 ዶላር ይህን ያህል ጠብ አግኝቼ አላውቅም። ለሚቀጥለው ዙር ያችው ሱቅ ሄጃለሁ።

አንድ ነገር ሳልረሳ፦ የእነሱ ገና ታኅሣሥ 16 ይውልና በማግስቱ መብራቱም፣ መጠቅለያ ወረቀቱም፣ ዛፉም በግማሽ ዋጋ ይጣላል። የኛ ገና ደግሞ ከእነሱ ገና 13 ቀን በኋላ ነው። አባቶቻችን ቀኑን ሲቀምሩ ይህን አስበውት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም እግዚአብሔር ይስጥልን።

አሁን ወደ አንቺ ሥራ ልምጣ። የሻንጣውን ገንዘብ በባንክ ልኬዋለሁ። ለእማዬ ነጠላ ሽሮ ሜዳ ሄደሽ ግዢ፤ ከቻልሽ ሸማኔውን ራሱን አግኝተሽ በእጅ የተሠራውን ነው የምፈልገው። ከማሽን የወጣውን የውጭ ጥለት እንዳታመጪብኝ፤ እሱ ከእኔ ጋር የሚመጣጠን መንገድ ተጉዟል። ስትከራከሪ ደግሞ አውቅሻለሁ። ባለፈው ጊዜ አንዱ ነጋዴ «እመቤቴ፣ ውሰጂውና ልረፍ» ያለው ከልቡ ነበር። ሸማኔውን ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ቀንስ በይውና ተይው፤ አንድ ነጠላ ላይ ስንት ቀን እንደሚጎነበስ አንቺም ታውቂያለሽ።

ሽንኩርቱን ከጉሊቷ ሴትዮ ውሰጂ። ከዚያ ሰፈራችን ሱቅ ሂጂና የዱቤ ደብተሩን አስወጪ። የእማዬን ዝጊው። ከእሷ በታች የእማማም ስም እንደማይጠፋ እገምታለሁ፤ እሱንም ዝጊው፣ ማን እንደከፈለ ግን አትናገሪ። ይህን የወሰድኩት ከዚህ አገር ነው። እዚህ መግዛት የፈለጉትን ዕቃ መደብሩ ዘንድ አስቀምጠው ቀስ በቀስ የሚከፍሉ ሰዎች አሉ፤ ገና ሲደርስ አንዳንድ ሰው ወደ መደብሩ ይገባና የማያውቀውን ቤተሰብ ቀሪ ዕዳ ከፍሎ ስሙን ሳይናገር ይወጣል። ባለሱቁም ገንዘቡን ያገኛል፣ እማማም ለበዓሉ ዘይት ሊጠይቁ ሲሄዱ አንገታቸውን አይደፉም።

ማሙሽ «ከአሜሪካ የመጣ ጫማ» ብሎ እንደሚያለቅስ አውቃለሁ። መርካቶ አሜሪካን ግቢ አካባቢ ውሰጂውና ግዢለት። ከየት መጣ ሲባል ከአሜሪካን ግቢ ይበል፤ የመጨረሻዋን ቃል ጮክ ብሎ ካልተናገራት ማንም አይሰማትም። ጎረቤት «የአሜሪካው ወንድምሽ ምን ላከ?» ሲልሽም አትሸማቀቂ፤ ነጠላውን አሳዪያቸው።

ለእኔ ምንም አትላኩ። ማለቴ፣ ሰው ከመጣ ብቻ፣ ትንሽ በርበሬ። ሽሮም ቢሆን። ድርቆሹን እማዬ ካዘጋጀችው እምቢ አልልም፣ ቀላል ነው፣ አንዲት ፌስታል ብቻ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። መልካም በዓል።

ወንድምሽ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዘንድሮም ዕጣ አውጥተው ለእኔ የደረሰኝ ሻማ ነው። የዝንጅብል ኬክ ሽታ አለው ይላል፤ አሁንስ ማንበብ ለምጃለሁ። እናንተ ዘንድ መብራት መጥፋቱ ቀርቷል እንዴ? ካልቀረ፣ ወዳጄ ጥር ላይ ይመጣል፣ ሻንጣውም ገና አልሞላም። ሻማው ከመንገድ ላይ እንዳይሰበር ቦርሳው ውስጥ አድርጌ ብልክልሽስ?