11 ዱላና አንድ መጽሐፍ

ሚስቴ የሰው ዕቃ ይዤ ቤት ስገባ ደስ አይላትም። እዚህ ዋሽንግተን የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ሆኖ የሚኖር ሰው ደግሞ የሰው ዕቃ ሳይዝ አይገባም። ሰው ቤት ሲቀይር፣ ትዳር ሲፈታ፣ መኪና ሲሸጥ፣ ከመኪናው ኋላ ያጨቀው ሁሉ ድንገት ይከብደዋል፤ ያን ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው እኔ ላይ ነው። በዚህ መንገድ እስካሁን የሦስት ጃንጥላ፣ የአንድ የሕፃን ወንበርና መክፈቻው የት እንደሆነ ዛሬም ያልታወቀ የቡና ማሽን ባለቤት ሆኛለሁ። አምና በጸደይ አንድ የዘወትር ደንበኛዬ ሥራ ቀይሮ ወደ ሌላ ስቴት ሊሄድ ሲሰናበተኝ፣ በቲፕ ፈንታ አንድ ረጅም ቦርሳ አውጥቶ ትከሻዬ ላይ አንጠለጠለው። ውስጡ 11 የጎልፍ ዱላ አለ።

ሚስቴ በር ስትከፍትልኝ ቦርሳውን ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ «ከማን ጋር ተጣልተህ ነው?» አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር የተጣላሁት ከራሴ ጋር ነበር። 52 ዓመት ሞልቶኛል። ልጃችን ኮሌጅ ገብታለች፤ የቤቱ ዕዳ ከኔ ዕድሜ ሊረዝም ምንም አልቀረውም፤ እኔ ለ19 ዓመት አንዲት የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጬ ሌላው ሰው ሲገባና ሲወጣ አያለሁ። «መውጫው በየት ነው?» የማይለኝ ሰው የለም። ለሁሉም አሳያለሁ። የራሴን መውጫ የሚያሳየኝ ግን ጠፋ።

ለዚህ በሽታ መድኃኒቱ ማንበብ ነው ሲሉ ሰምቼ፣ ሕይወትን ስለመለወጥ የሚያስተምሩ መጻሕፍት መግዛት ጀመርሁ። ከ30 በላይ አሉኝ። ሁሉም ቁጥር ይወዳሉ፤ በ10 እርምጃ፣ በ12 ሕግ፣ በ21 ቀን። አንዱ ደግሞ ስኬታማ ሰዎች በ5 ሰዓት ከአልጋ ይነሣሉ ይላል። እኔም በአገሬ አቆጣጠር 5 ሰዓት ላይ ተነሣሁ፤ ፀሐይዋ ናላዬ ላይ ደርሳለች። ምክሩ እጅግ ተስማማኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ ስኬታማ ሆኜ ቆየሁ፤ ከዚያ አለቃዬ ደወለ።

የቦርሳውን የጎን ኪስ ስፈትሽ አንድ ስስ መጽሐፍ ወጣ። ቤን ሆጋን የሚባል አሜሪካዊ ጎልፈኛ እ.ኤ.አ. በ1957 ያሳተመው፣ ጎልፍን በአምስት ትምህርት አስተምራለሁ የሚል መጽሐፍ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው፤ ጨዋታውም የነሱ ነውና።) ሆጋን በ1949 መኪናው ከአውቶቡስ ጋር ተጋጭቶ አጥንቱ ተሰባብሮ ነበር፤ በ16ኛው ወር ገደማ ተነሥቶ ዩኤስ ኦፕንን አሸነፈ። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ሕይወት ብዙ የሚለው ይኖራል ብዬ ገለጥሁ። የመጀመሪያው ትምህርት በሙሉ ዱላ ስለ መጨበጥ ነው። የትኛው ጣት የት እንደሚያርፍ፣ አውራ ጣት ወደ የት እንደሚያይ። ስለ ዓላማ፣ ስለ ራእይ፣ ስለ ስኬት ምንም የለም። ዐረፍሁ። በሁለት የሌሊት ፈረቃ ጨረስሁት።

መምህር ደግሞ ቡና ቤት አገኘሁ። ጋሼ እንበላቸው። 30 ዓመት ታክሲ እየነዱ ሌላውን ሁሉ ወደሚፈልግበት አድርሰው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጎልፍ የለመዱት ሜዳ ያደረሱትን ደንበኛ ሲጠብቁ ነው። እኔ የቀረብኋቸው ከቡና ቤቱ ውስጥ ፖለቲካ የማይወራበት ጠረጴዛ የሳቸው ብቻ ስለሆነ ነው፤ ለዚህም ሁልጊዜ ብቻቸውን ናቸው።

«ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜ ይቻላል?»

«ስንት ሆነህ?»

«52።»

«ላሪ ኔልሰን የሚባል ልጅ አለ። ቬትናም ዘምቶ ሲመለስ፣ በ21 ዓመቱ ነው ዱላ የጨበጠው። የተማረውም ከዚችው ከያዝሃት መጽሐፍ ነው። ሦስት ትልልቅ ዋንጫ በላ።»

«እሱ እኮ 21 ነበር!»

«አንተ ደግሞ ቬትናም አልዘመትህም።»

ኢስት ፖቶማክ የሚባለው የሕዝብ ሜዳ ወንዙ ዳር ነው። የዋሽንግተን ሐውልት ከዛፎቹ በላይ ቀጥ ብሎ ይታያል፤ ከወንዙ ማዶ አውሮፕላን በየደቂቃው ይወርዳል። ጨዋታውን ሳየው አዲስ አልሆነብኝም። ልጅ ሆነን በገና ሰሞን ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ቆርጠን ሩር ስንመታ ያደግን ሰዎች ነን። ልዩነቱ፣ በገና ጨዋታ ሩሯን የሚያሳድዳት መንደሩ በሙሉ ነው፤ ሩሯን ብትስት እንኳ የሰው ቅልጥም አታጣም። እዚህ ያለነው እኔና ኳሷ ብቻ ነን። ክብደቷ 46 ግራም አይሞላም። አትሸሽም፣ አትዘልም፤ አንዲት ትንሽ እንጨት ላይ ተቀምጣ ትጠብቅሃለች። የመጀመሪያዎቹን አራት ምቶች አየሩ ወሰዳቸው።

በአምስተኛው ኳሷ ተነሣች። ሄደች፣ ሄደች፣ ከዚያ ቤት የረሳችው ነገር ትዝ እንዳላት ሁሉ ወደ ቀኝ ታጠፈች። ስድስተኛዋም እንደዚያው። ይህን ስላይስ ይሉታል፤ የዱላው ፊት ከኳሷ ጋር ሲገናኝ ወደ ቀኝ ገርበብ ብሎ ከተገኘ፣ ኳሷ እየሾረች ወደ ቀኝ ትጎብጣለች።

«ግራ ክንድህ ነው!» አሉ ጋሼ። «ቀጥ አድርገው!»

ክንዴ አልቀናም። ምን ይደረግ? ለ19 ዓመት ግራ ክርኔን የሳጥኔ መስኮት ላይ ተደግፌ፣ በግራ እጄ መጽሐፍ ይዤ፣ በቀኜ ገንዘብ ስቀበል ኖሬአለሁ። ቀኜ እንደ ፈለግሁ ይዘረጋል፤ ለገንዘብ የለመደ ነው። ግራው ሁልጊዜ የሆነ ገጽ ላይ ነው።

ከኋላችን ሦስት ወጣቶች ተራ ይጠብቃሉ። ማስቲካ እያኘኩ ያዩኛል። «ጋሼ፣ ብናሳልፋቸው ይሻላል፤ አፈርሁ» አልኋቸው። ጋሼ ዱላቸውን ተደገፉ።

«በ1941 እዚሁ ሜዳ ላይ ሦስት ጥቁሮች ሊጫወቱ ሲመጡ በፖሊስ ታጅበው ነው የተጫወቱት። በዚያን ጊዜ ለጥቁር የተመደበው ከሁለት ዓመት በፊት የተከፈተው ላንግስተን ነበር። እነሱ ያን ሁሉ ክፉ ዓይን ችለው መትተዋል። አንተ ማስቲካ ፈርተህ ልትሄድ ነው?»

መታሁ። ወደ ቀኝ ሄደች። ወጣቶቹ ግን አጨበጨቡልኝ፤ ሌላ ምክንያት ሳይኖራቸው አይቀርም፣ ተራው ደርሷቸዋል።

ብልኃቱ የተገለጠልኝ ሐምሌ ላይ ነው። ኳሷ ወደ ቀኝ መሄዷ ካልቀረ፣ እኔ ለምን አስቀድሜ ወደ ግራ አልዞርም? መጀመሪያ አንድ ጫማ ያህል ዞርሁ። ሠራ። ከዚያ ሁለት ጫማ። መስከረም ሲጠባ ፊቴ የነበረው ወደ ሌላ ሰው ጉድጓድ ነው፤ ኳሷ ግን ግራውን ዞራ፣ ታጥፋ ታጥፋ መሐል ሜዳ ታርፋለች። ጋሼ ዓይናቸው እንደ ድሮው ስላልሆነ የሚያዩት የምታርፍበትን ብቻ ነው። «ተሻለህ» አሉኝ። እኔም ዝም አልሁ። ትዳራችንም 24 ዓመት የቆየው በዚሁ ዘዴ ነው።

ትዳር ካነሣሁ፣ ሚስቴ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የምትለኝን አልደብቅም። «ልጅ ሆነህ በአንድ ዱላ 20 ከብት ጠበቅህ፤ ዛሬ 11 ዱላ ይዘህ አንዲት ኳስ መጠበቅ አቃተህ።» ጎልፍ የዋዛ ጨዋታ አለመሆኑን ላስረዳት ብዬ ታሪኩን አነበብሁላት። በ1457፣ በንጉሥ ጄምስ ዳግማዊ ዘመን፣ የስኮትላንድ ፓርላማ ጎልፍን ከእግር ኳስ ጋር አብሮ ከልክሎት ነበር፤ ወንዶቹ ለጦርነት የሚያስፈልገውን ቀስት መለማመድ ትተው ዱላ ይዘው ጠፉ ተብሎ።

«ጎበዝ ንጉሥ» አለችና ሽሮዋን ማማሰሏን ቀጠለች።

ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ሳቁ፤ ቀጥለው ግን ኮስተር አሉ። «ቀስት ካልህስ፣ አበበ ቢቂላ ሮምን በባዶ እግሩ ሮጦ፣ ቶኪዮን ትርፍ አንጀቱን በወጣ በ40 ቀን ገደማ ደግሞ፣ በኋላ በመኪና አደጋ እግሩ ሲከዳው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት አነሣ። በ1970 እንግሊዝ አገር ሄዶ ተወዳድሮበታል። አንተ ደግሞ ክንዴ፣ ክንዴ ትላለህ።»

ነገሩ ከነከነኝ። ከአበበ ጋር መነጻጸር ለአንድ ገንዘብ ተቀባይ ፍርደ ገምድልነት ነው። የሚመጥነኝን ሰው ፍለጋ ማታ ማታ ሳጥኔ ውስጥ ሳነብ፣ ጥቅምት ላይ ካልቪን ፒት የሚባል ጎልፈኛ አገኘሁ። በማግስቱ ጋሼ ገና ቡናቸውን ሳያዝዙ ነው የደረስሁባቸው።

«ጋሼ! ልጅ ሆኖ ከዛፍ ወድቆ ግራ ክርኑ ተሰብሮ ነበር። ክንዱ ዳግመኛ አልተዘረጋም! ጎልፍ የጀመረው በ23 ዓመቱ ነው፣ ከዚያ በፊት ፍሎሪዳ ውስጥ ለእርሻ ሠራተኞች ሸቀጥ እያዞረ ይሸጥ ነበር። በፒጂኤ ቱር 12 ጊዜ አሸንፏል። ከዚህም ሌላ ከ1981 እስከ 1990፣ 10 ዓመት በተከታታይ፣ የመጀመሪያ ምቱን ከመሐል ሜዳ ሳያስወጣ በመጣል አንደኛው እሱ ነው። ቀጥ አድርጎ! በጎባጣ ክንድ!»

የሚገርመው ሌላ ነው። አሜሪካን ወክሎ ራይደር ካፕ ላይ ለመሰለፍ የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃ ያስፈልገው ነበር፤ እሱ ደግሞ ትምህርቱን ጥሎ የወጣ ሰው ነው። ወደ 40 ሲጠጋ ቁጭ ብሎ አጥንቶ፣ ተፈትኖ አለፈ። ክንድህን አቅና ያለው ማኅበር የለም፤ ደብተርህን አሳይ ነው ያሉት።

ጋሼ ቡናቸው እስኪመጣ አልተናገሩም። ከዚያ፣ «ኃይሌስ?» አሉ።

«የቱ ኃይሌ?»

«ገብረ ሥላሴ ነዋ! ግራ ክንዱን አላየኸውም? አሰላ አካባቢ ልጅ ሆኖ 10 ኪሎ ሜትር ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ መጽሐፉን በግራ ክንዱ አቅፎ ነበር። አድጎ አትላንታ ሄደ፣ ሲድኒ ሄደ፤ ክንዱ ግን አሁንም መጽሐፍ እንዳቀፈ ነው። ኬንያዊውን ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ሲቀድመው እንኳ ያን መጽሐፍ አልጣለውም።» ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «አንተንም ያጎበጠህ መጽሐፍ ነው። ተነሥ፣ አምጣው።»

ጎልፍ የሚያስተምሩ ሰዎች ክንድ ከደረት እንዳይላቀቅ ብብት ሥር ፎጣ ወይም ጓንት ያስይዛሉ። ጋሼ ያሰቡት በፎጣው ምትክ መጽሐፍ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ከነበሩት ስኬት አስተማሪዎች አንዱን ሞከርን፤ ዱላው ገና ሳይነሣ ሾለከ። ሆጋንም ስስ ነው፣ ወደቀ። ብብት የሚሞላ ሆኖ የተገኘው ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ ደግሜ የማነበው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ይቅር ይበሉኝ፣ ብብቴ ሥር ሸጎጥሁት። ክንዴን አጠፍሁ፣ ያጠፍሁት እኔ ሳልሆን ልማዴ ነው፤ መታሁ።

እንዲህ ያለ ድምፅ ከዱላዬ ወጥቶ አያውቅም። ደረቅ እንጨት በአንድ ምሳር ሲፈለጥ የሚያሰማው ዓይነት ነው። ኳሷ ተነሥታ እንደ ተወጠረ ክር ሄደች። እስክትታጠፍ ጠበቅናት። አልታጠፈችም። ሁለታችንም «እሰይ!» ብለን ሳንጨርስ ዛፎቹን አለፈች፤ የጎረቤቱን ሜዳ ተሻገረች፤ ሁለት ሴቶች አንገታቸውን ሲሰብሩ አየን፤ ከዚያ ጠፋች።

«ፊትህ ወደ የት ነበር?» አሉኝ ጋሼ።

«ወደ ግራ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሐምሌ።»

ጋሼ ቦርሳዬ ላይ ቁጭ አሉ።

ከ2019 ወዲህ ሕጉ የጠፋ ኳስ ለመፈለግ የሚሰጠው 3 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ድሮ 5 ነበር። እኛ ግማሽ ሰዓት ፈለግን። ሴቶቹን ይቅርታ ጠየቅን። የሌሎች ሰዎች አራት ኳስና አንድ ጃንጥላ አገኘን፤ ጃንጥላው አራተኛዬ ሆነ። የኔዋ የለችም።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ የዋሽንግተን ሰዎች፣ ወንዙ ዳር ስትንሸራሸሩ በጥቁር ቀለም «ቀ» የተጻፈባት ነጭ ኳስ ካያችሁ አደራ። ከእሁድ በቀር ማታ ማታ ሳጥኔ ውስጥ አለሁ። ያመጣልኝ ሰው ማቆሚያ አይከፍልም፣ ጃንጥላ እመርቅለታለሁ፣ መውጫውንም አሳየዋለሁ።