የመጨረሻው ዊንዶውስ

«የመጨረሻ» የሚባል ነገር አላምንም። «የመጨረሻ ዋጋዬ ነው» ያለኝ ነጋዴ ሁሉ ጀርባዬን ሳዞር ቀንሶልኛል። «ይቺ የመጨረሻዬ ናት» ብሎ ብርጭቆ ያነሳ ወዳጄ ሁሉ ደግሟል፣ ሠልሷል፣ ሒሳቡንም ለእኔ ጥሎ ወጥቷል። ስለዚህ በ2015 አንድ የማይክሮሶፍት ባልደረባ መድረክ ላይ ቆሞ ዊንዶውስ 10 የመጨረሻው ዊንዶውስ ነው ማለቱ ሲሰማ፣ የእህቴ ልጅ «ከእንግዲህ ፎርማት ቀረ!» እያለ ሲፈነጥዝ እኔ ቡናዬን ፉት አልኩ። (ዓመቱን የምቆጥረው እንደ ፈረንጆቹ ነው፤ ዕቃውም የእነሱ፣ የሚገዛውም በእነሱ ዶላር ስለሆነ።)

ኦክቶበር 2021 ላይ ዊንዶውስ 11 ወጣ።

መውጣቱ አልገረመኝም። የገረመኝ ላፕቶፔን መጠየፉ ነው። ላፕቶፔ ጤነኛ ናት። ትጽፋለች፣ ታስነብባለች፣ ሲሞቃት ትንሽ ከማንኮራፋቷ በቀር ነውር የለባትም። አንድ ቀን ጠዋት ግን ገና ስከፍታት፣ ይህ ኮምፒውተር ለዊንዶውስ 11 የሚጠየቀውን መስፈርት አያሟላም የሚል መልእክት አወጣችልኝ። ስለ ራሷ መሆኑ ነው እንግዲህ። እንዲህ ያለ ራስን ማወቅ እንኳን በኮምፒውተር በሰውም አላየሁም።

መገናኛ አካባቢ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ ምድር ቤት «ፎርማት፣ ሶፍትዌር ጭነት፣ ጉርድ ፎቶ፣ ፎቶ ኮፒ» የሚል ወረቀት የለጠፈ ልጅ ዘንድ ወሰድኳት። ልጁ ገልበጥ አድርጎ ጀርባዋን አየ፤ ከፈት አድርጎ አንድ ሁለት ነገር ነካካ።

«ፋዘር፣ ይቺ ማሽን 11ን አትቀበልም።»

«ምን ጎደላት?»

«ቲፒኤም 2.0 የላትም። ፕሮሰሰሯም አርጅቷል።»

«ቲፒኤም ምንድን ነው?»

«ቺፕ ነው። ሚስጥር ቁልፍ ምናምን የሚቀመጥበት። ለሴኩሪቲ።»

«እስከ ዛሬ ያለ እሱ ምን ሆነች?»

«ምንም።»

«ታዲያ?»

«ሕጉ ነዋ፣ ፋዘር።» ከዚያ ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን ማለፊያ አላት። አምስት መቶ ብር።»

ቺፑ ጥቅም የለውም አልልም፤ ላፕቶፑ ቢሰረቅ ሌባው ውስጡን እንዳያነብ ይረዳል። ነገር ግን ሬድመንድ፣ ማይክሮሶፍት ዋና መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ስንት መሐንዲስ ተሰብስቦ ያጠረው አጥር መገናኛ ምድር ቤት ውስጥ በአምስት መቶ ብር የሚዘለል ከሆነ፣ አጥሩ ለሌባ ነው ወይስ ለአዲስ ላፕቶፕ ሻጭ ብሎ መጠየቅ ነውር አይመስለኝም። የሆነ ሆኖ ኦክቶበር 14፣ 2025 የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ አበቃ። የመጨረሻ የተባለው የራሱ የመጨረሻ ቀን ተቆረጠለት።

ድሮም እንዲሁ ነበር። ኦገስት 24፣ 1995 ዊንዶውስ 95 ሲወጣ ኒውዮርክ ያለው የኢምፓየር ስቴት ሕንፃ በዊንዶውስ ቀለማት አበራ። ሮሊንግ ስቶንሶች ዘፈናቸውን ለማስታወቂያው ሰጡ፤ ኮሜዲያኑ ጄይ ሌኖ ከቢል ጌትስ ጎን ቆሞ ቀለደ፤ ሰው በእኩለ ሌሊት ሱቅ በር ላይ ተሰለፈ። የድግሱ ሙሽራ ከግራ ጥግ የተቀመጠች አንዲት ቁልፍ ነበረች፤ ስታርት። በ2012 ዊንዶውስ 8 መጣና ቁልፏን አነሳት፤ ዕድገት ተባለ። ሕዝብ ጮኸ። በ2013 መለሷት፤ ይህም ዕድገት ተባለ። በ11 ደግሞ ከጥግ ተነስታ መሃል ገባች። በዚህ ዕድሜዬ አንዲት ቁልፍ ከጥግ ወደ መሃል ስትዛወር እልል የምልበት ጉልበት የለኝም።

ከበሮው አንዳንዴም የለቅሶ ነው። 1999 ሲያልቅ፣ ዓመትን በሁለት አሃዝ የሚጽፉ ኮምፒውተሮች 2000ን ከ1900 ያምታቱታል፣ ባንክ ይዘጋል፣ መብራት ይጠፋል፣ አውሮፕላን ይወድቃል ተባለ። ሌሊቱ ነጋ፤ ይህ ነው የሚባል ነገር አልሆነም። (ያልሆነው ፕሮግራመሮች ለዓመታት እንቅልፍ አጥተው ስላረሙት ጭምር ነው፤ ሥራውን በደንብ የሠራ ሰው «መጀመሪያም ምንም አልነበረም» ይባላል።) እኛ ያን ሌሊት ያደርነው ታኅሣሥ 1992 ላይ ነው። መብራት ይጠፋል ሲሉን ደግሞ፣ አዲሱ ነገር ምኑ ላይ ነው ብለን ተኛን።

የእህቴ ልጅ በበኩሉ ከማይክሮሶፍት ጋር ተጣልቶ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ውስጥ ገብቷል። ሊኑክስ የያዘ ሰው ሁለት ነገር አጥብቆ ያምናል፦ አንደኛ ሊኑክስ በነፃ መሆኑን፣ ሁለተኛ ዘንድሮ የሊኑክስ ዓመት መሆኑን። አምናም ዘንድሮ ነበር። ላፕቶፑ ላይ ከጫነው ጀምሮ ዋይፋዩ አልነሳ ስላለው ኢንተርኔት የሚያገኘው ስልኩን በኬብል ሰክቶ ነው። ማታ ማታ በቴሌግራም ፋይል ይልክልኛል፦ «ጋሼ፣ ይቺን ፕሪንት አድርግልኝማ።» ፕሪንተሩ የራሱ ነው፤ ከእሱ ሊኑክስ ጋር ስላልተግባቡ እኔ ዘንድ በጥገኝነት ይኖራል።

ሊኑክስን ግን አልንቅም፤ እንዲያውም ለነገሬ ምስክር እሱ ነው። በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ተማሪ፣ ለትርፍ ጊዜ መዝናኛ የምሠራት ነገር አለች፣ ትልቅ አትሆንም ብሎ አስታወቀ። በጃንዋሪ 1992 ደግሞ ሚኒክስ የተባለውን ሲስተም የሠሩት ስመ ጥሩ ፕሮፌሰር አንድሩ ታነንባም ሊኑክስ ጊዜው ያለፈበት ነው ብለው ጻፉ፤ ቶርቫልድስ የእኔ ተማሪ ቢሆን ኖሮ በዚህ ሥራው ጥሩ ማርክ አያገኝም ነበር አሉ። ከኖቬምበር 2017 ወዲህ ከዓለም 500 ፈጣን ሱፐር ኮምፒውተሮች አንድም ሳይቀር የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። አንድሮይድ ስልካችን ውስጥም ያለው እሱ ነው፤ ሊስትሮውም ሚኒስትሩም ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል። ማንም አልነገራቸውም። በዚያው በ2017 ደግሞ የፕሮፌሰሩ ሚኒክስ የኢንቴል ቺፖች ሆድ ውስጥ ተደብቆ በሚሊዮኖች ኮምፒውተር ላይ ሲሠራ ተገኘ። ፕሮፌሰሩ ለኢንቴል ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ፦ ምስጋናቸው የጸና ሆኖ፣ ለወጉ ያህል ቢነግሯቸው ደስ ይላቸው እንደነበር የሚገልጽ። መድረክ ያልተተከለለት ነገር እንዲህ ነው፤ ባለቤቱም ሳይሰማ ዓለምን ይወርሳል።

ኔትወርክ ላይ ደግሞ ይብሳል። በ1980ዎቹ መንግሥታትና የስልክ ድርጅቶች ተሰብስበው ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩበትን ደንብ በኮሚቴ ሲያረቅቁ ከረሙ። ስሙ ኦኤስአይ፣ ደርቡ ሰባት። የአሜሪካ መንግሥት ሳይቀር ለመሥሪያ ቤቶቹ ግዴታ አደረገው። ኮሚቴው ሻይ እረፍት ላይ ሳለ፣ ከጃንዋሪ 1፣ 1983 ጀምሮ የኢንተርኔት ቅድመ አያት በሆነው አርፓኔት ላይ ይሠራ የነበረው ቲሲፒ አይፒ የተባለ ደንብ ዓለምን ጠቅልሎ ወሰደ። ኦኤስአይ ዛሬ በዋናነት የሚኖረው ፈተና ላይ ነው። የእኛ የኮሌጅ ልጆች ሰባቱን ደርብ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች በቃላቸው ይወጡታል። የእህቴ ልጅ ለሥራ ሲፈተን አምስተኛው ደርብ ምንድን ነው ተብሎ ሳይንተባተብ መለሰ፣ ተቀጠረም። አምስተኛውን ደርብ ግን ሥራ ላይ እስከ ዛሬ በዓይኑ አላየውም።

ከዚያ ኤቲኤም መጣ። ብር የሚተፋውን ማሽን አይደለም የምለው፤ ድምፁንም ምስሉንም ፋይሉንም በአንድ መስመር እስከ ጠረጴዛችን ያመጣል የተባለለትን የ1990ዎቹን ኔትወርክ ነው። መረጃውን እኩል እኩል እየቆረጠ ይልካል። ቁራጩ ስንት ይሁን? አሜሪካኖቹ 64 ባይት አሉ፣ አውሮፓውያኑ 32። በሽምግልና 48 ሆነ፤ ለአድራሻና ለመሳሰለው 5 ተጨመረበትና 53። ሁለቱም ወገን እኩል የተከፋበት ቁጥር። ሽምግልና ጥሩ ነው፤ ለባልና ሚስት። ቢሮውን ሁሉ የወረሰው ግን በ1973 ዜሮክስ ቤተ ሙከራ ውስጥ የተጸነሰው ርካሹ ኢተርኔት ሆነ።

ይህን ስል ተጠራጣሪ ሁሌ ልክ ነው ማለቴ አይደለም። ኢተርኔትን ከፈጠሩት ዋናው ቦብ ሜትካፍ በዲሴምበር 1995 ኢንፎወርልድ መጽሔት ላይ፣ ኢንተርኔት በ1996 እንክትክቱ ይወጣል ብሎ ጻፈ፤ ካልሆነ ጽሑፉን እንደሚበላም ቃል ገባ። 1996 በሰላም አለፈ። በ1997 ሰውየው ጉባኤ ፊት ቀርቦ ወረቀቱን ከውሃ ጋር ጁስ መፍጫ ውስጥ ጨመረና ፈጭቶ በላው። ስንቱ የእኛ አገር ተንባይ መፍጫ በዞረበት አላለፈም! ታሪኩን ለእህቴ ልጅ ባጫውተው፣ «ጋሼ፣ አንተም መፍጫ ግዛ» አለኝ። ገዝቻለሁ፤ ለአቮካዶ ነው።

የአድራሻውም ነገር አለ። የኢንተርኔት አድራሻ አራት ቢሊዮን ከምናምን ብቻ ነው፣ ያልቃል ተብሎ ተተኪው ቨርዥን 6 በ1995 ተነደፈ። በፌብሩዋሪ 2011 የዓለሙ ማዕከላዊ ክምችት የእውነት አለቀ፤ ጁን 6፣ 2012 አዲሱ በይፋ ተመረቀ። ይኸው እስከ ዛሬ ጓዙን እያስገባ ነው። እስከዚያው አሥር ተከራይ በአንድ ቆጣሪ እንደሚጠቀምበት ግቢ፣ ብዙ ሰው በአንድ አድራሻ እየተጋፋ ይኖራል። መሐንዲሶቹ ይህ ጊዜያዊ መላ ነው ብለው ነበር። እኔ ደግሞ በጊዜያዊነት ተቀጥሮ በጡረታ የተሸኘ ሰው አውቃለሁ።

ለፍጥነት ከሆነ የእኔ እምነት እርግብ ላይ ነው። ኤፕሪል 1፣ 1990 ኢንተርኔትን በእርግብ ለማስተላለፍ የሚያስችል ደንብ ለቀልድ ተጻፈ። በ2001 በርገን፣ ኖርዌይ ያሉ የሊኑክስ ወዳጆች የምር ሞከሩት፤ ዘጠኝ መልእክት ልከው ለአራቱ መልስ መጣ፤ ፈጣኑ ከ50 ደቂቃ በላይ ፈጀ። በሴፕቴምበር 2009 ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አንድ በመስመሩ የተማረረ ድርጅት 4 ጊጋባይት ዳታ ዊንስተን በምትባል እርግብ እግር ላይ አስሮ፣ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ደርባን ለቀቃት። እርግቧ ደርሳ፣ ዳታው ኮምፒውተር ላይ ተገልብጦ ሁሉም ነገር ሲጠናቀቅ ሁለት ሰዓት አካባቢ ሆነ። በዚያ ጊዜ ውስጥ በመስመሩ ያለፈው 4 በመቶ ነው።

ሳቅን እንጂ እኛስ? የእህቴ ሴት ልጅ ሰርግ ቪዲዮ ሜሪላንድ ላለችው አክስቷ የደረሰው በሃርድ ዲስክ ነው፤ በአንድ መንገደኛ ሻንጣ ውስጥ፣ በበርበሬና በሽሮ መሃል። ጠቅልሎ የላከው ኔትወርክ ተምሮ በኔትወርክ የሚተዳደረው ወንድሟ ነው። «ክላውድ ላይ አትጭነውም እንዴ?» ብለው፣ «ጋሼ፣ ሰውየው ከክላውድም በላይ ነው የሚበረው» አለኝ።

ባንክም ያው ነው። አንድ ባንክ፣ ስሙ ይቆየን፣ ግድግዳው ላይ ስልኳን አይታ የምትስቅ ቆንጆ ለጥፏል። ከቆንጆዋ ሥር ተሰልፈን ሳለን ገንዘብ ከፋይዋ ቀና ብላ «ሲስተም የለም» አለችን። ሁላችንም ለምደነዋል፤ ስልካችንን አወጣን፣ ስልካችንም ላይ የለም። ከፊቴ የቆሙ ነጠላ የለበሱ እናት ግን አልለመዱም።

«የት ሄደ ልጄ?»

«ተቋርጦ ነው እማማ።»

«መቼ ይመጣል?»

«አይታወቅም። ትንሽ ይጠብቁ።»

«ብሬስ? እሱም ሄደ?»

«ኧረ ብርዎትማ አለ!»

«ከአለማ ስጪኝ። ሲስተሙ ሲመጣ እማማ ወስደዋል በይው።»

ልጅቷ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት አፏን ያዘች። ያንን መልስ የሚሰጥ የሲስተም አማካሪ እስካሁን አልገጠመኝም። ደግሞም ሐሳቡ የእሳቸው ብቻ አይደለም፤ መስመር ሲቋረጥ ሥራው እዚያው ተሠርቶ፣ መስመሩ ሲመለስ ከዋናው መዝገብ ጋር የሚታረቅ ሲስተም ዓለም ላይ ሞልቷል። አማካሪው የሚሸጠው ግን እሱን አይደለም፤ አዲሱን ነው።

ለእህቴ ልጅ ይህንን ስነግረው ትከሻውን ነቀነቀ። ለእሱ ችግር ሁሉ የሚፈታው በሚቀጥለው ቁጥር ነው። 3ጂ ሲያስቸግር 4ጂ ይምጣ አለ፤ 4ጂ ሲመጣ ስለ 5ጂ ሰበከኝ፤ ሐኪም አንድ አህጉር ላይ ተቀምጦ ሌላ አህጉር ያለ በሽተኛ ቀዶ ያክምበታል አለኝ። እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን ከአንድ ሐኪም ጋር በስልክ አውርቼ፣ የትኛውን ኪኒን ከምግብ በፊት እንዳለኝ መሃል ላይ ተቆርጦብኝ ነበር።

«እሱን ተወው ጋሼ፤ 6ጂ እየመጣ ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት ራሱ 2030 ብሎ ሰይሞታል።»

«በእኛ አቆጣጠር ነው በእነሱ?»

ኬብሉን ከስልኩ ነቀለና አሰበበት።

«ለእነሱ በእነሱ፣» አለኝ፣ «ለእኛ በእኛ።»