ማን ያረደው ወርቅ ነው?

አሶሳ ላይ ሥጋ የሚበላው ተጠይቆ ነው። ሠርግም ይሁን ልቅሶ ድንኳኑ አንድ፣ ድስቱ ሁለት ነው፤ እንግዳው ትሪው ፊት ሳይቀመጥ «ማን ነው ያረደው?» ይላል። ጠያቂም ተጠያቂም አይቀየሙም። ቡናው፣ ማንጎው፣ ገንፎው የጋራ ነው፤ የሚለየው ቢላዋው ብቻ። ጨዋ ጥያቄ ነው፣ እኔም አከብረዋለሁ። የሚገርመኝ እዚሁ ከተማ ውስጥ ከሥጋ ይልቅ ደም የነካው ወርቅ ሆኖ ሳለ፣ «ይሄን ወርቅስ ማን አረደው?» ያለ ክርስቲያን እስከ ዛሬ አለማየቴ ነው።

ጥያቄ አጥተን አይደለም። የኛ ጸሎት ቤት (ስሙን ተዉት፣ የናንተን እንዳይመስላችሁ) በመለየት የታወቀ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሕዝብ ከመቶ 45 ያህሉ ሙስሊም፣ 33 ያህሉ ኦርቶዶክስ ሲሆን ፕሮቴስታንቱ ከመቶ 13 ገደማ ነበር። ከመቶ 13 ሆኖ ከቀረው ሁሉ መለየት ቀላል ሥራ አይምሰላችሁ፤ የሰው ኃይል ይጠይቃል። የዲሲፕሊን ኮሚቴያችን ከመዘምራኑ ቀጥሎ ብዙ ሰው ያለው ለዚህ ነው።

በቅርቡ ይህ ኮሚቴ አንዲት ጠላ ሻጭ ቤት ሄደ። ሴትየዋ በ1977ቱ ድርቅ በእናቷ ጀርባ ታዝላ ከወሎ የመጣች፣ እንደ ሰልጋ 24 እና እንደ መገሌ 33 በቁጥር ከሚጠሩት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ያደገች ናት። ጌታን የተቀበለችው ካገባች በኋላ ነው። ባሏ በመንጌ በኩል ወርቅ ሊቆፍር ወርዶ ጉድጓዱ ተደርምሶበት ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጋን ጥዳ ሦስት ልጆች ታሳድጋለች። ሦስት ሽማግሌዎች በሩን አንኳኩተው፣ ጸልየው፣ በርጩማ ላይ ከተቀመጡ በኋላ አንደኛው ጣሳውን አንስቶ አሸተተ። ለሁለተኛው አቀበለው። ሁለተኛውም አሽትቶ ለሦስተኛው ሰጠው። ሦስተኛው ከሁለቱ ትንሽ ረዘም አድርጎ ቆየበት። «ጌሾ አለው» አለ በመጨረሻ፤ ከጌታ በፊት የነበረውን ሕይወቱን አጥርቶ እንደሚያስታውስ ያስታውቃል።

እሁድ ማስታወቂያው ተነበበ። እህታችን ለስድስት ወር ከጌታ እራት ታግዳለች፣ በመዘምራን አትቆምም፣ ምእመናን በጸሎት ያስቧት። ሁላችንም አሜን አልን። አሜናችን ደግሞ ያን ዕለት በአዲሱ ድምፅ ማጉያ ስለወጣ የከተማው ግማሽ ሰምቶታል።

ድምፅ ማጉያውን የሰጠን ወንድማችን ባለሚዛኑ ነው። እግዚአብሔር ይባርከው፣ ከፊት በግራ በኩል ካለችው ከብቸኛዋ ባለ ድጋፍ ወንበር ላይ የሚቀመጠው እርሱ ነው። ወርቅ ይገዛል። ከመንጌ፣ ከኩርሙክ፣ ከሸርቆሌ የሚመጡት ቆፋሪዎች በእግር፣ በሞተር፣ በጭነት መኪና ላይ እየተንጠለጠሉ ሱቁ ይደርሳሉ። አንድ ቀን ስልክ ላስሞላ ገብቼ አይቻለሁ። አንድ ወጣት፣ ጥፍሮቹ ውስጥ ጭቃው እንደደረቀ፣ ከደረት ኪሱ የፌስታል ቁራጭ አውጥቶ ቋጠሮውን በጥርሱ ፈታ። የሁለት ሳምንት ሥራ ነው፤ ከአውራ ጣት ጥፍር አትበልጥም። ባለሚዛኑ ወንድማችን ሳህኗ ላይ ዘርግቶ መጀመሪያ በማግኔት ጥቁሩን አሸዋ ለቀመ። ቀጥሎ ሳህኗን ወደ አፉ ጠጋ አድርጎ እፍ አለባት። እፍ ሲል የሚበረው አሸዋ ብቻ አይደለም፤ የወርቅ ትቢያም አብሮ ይበራል፤ የሚያርፈውም ጠረጴዛው ላይ በተነጠፈችው ነጭ ጨርቅ ላይ ነው። ጨርቋን ማታ ማታ እርሱ ራሱ ያራግፋታል። ሚስቱ እንድታጥባት እንኳ አይፈቅድም፤ እንዲህ ያለ ትሑት ባል ነው።

ከዚያ ሚዛን። ሚዛኗ የኤሌክትሮኒክ ናት፤ ቁጥሯ ወደ እርሱ እንጂ ወደ ቆፋሪው አልዞረችም። ከዚያ ደብተር። ዱቄት፣ ዘይት፣ የባትሪ ድንጋይ፣ አካፋ፣ ባለፈው ወር ለወባ መድኃኒት የተበደርከው። ወጣቱ ሲወጣ በእጁ የያዘው ከገባበት ፌስታል ብዙም አይከብድም ነበር። «ጌታ ይባርክህ» አለው ወንድማችን። ሙስሊም መሆኑን ስላላወቀ አይደለም፤ በረከት ላይ አይሰስትም።

ወርቁ በሕጉ መንገድ ከሄደ ማረፊያው ብሔራዊ ባንክ ነው። በአቋራጭ ከሄደ ደግሞ የሱዳን ድንበር ሩቅ አይደለም። ወንድማችን በየትኛው እንደሚልክ አንጠይቅም። አንዳንድ ሐሙስ ማታ ግን «ለመንገድ ጸልዩልኝ» ይላል፤ እኛም የትኛው መንገድ እንደሆነ ሳናውቅ አጥብቀን እንጸልያለን።

የጠላ ሻጯ ባል ሞቶ የተወው አንድ ነገር ቢኖር በዚያ ደብተር ላይ የሰፈረ ስሙን ነው። ደብተር ሞት አያውቅም። ስለዚህ እህታችን ከጣሳው ከምታገኘው እየቆነጠረች በየሳምንቱ ለባለሚዛኑ ትከፍላለች። እርሱም ከዚያው ከፍሎ ድምፅ ማጉያ ገዛልን፤ በድምፅ ማጉያውም እርሷ መታገዷ ተነበበ። ይህን የገንዘብ ዙር ቁጭ ብዬ ሳስበው ምሥጢሩ ይገርመኛል፦ ያው ብር ጋኑ አጠገብ ሲሆን ኃጢአት፣ ደብተሩ ላይ ሲደርስ ዕዳ፣ መድረኩ ላይ ሲወጣ መባ። ወደ ወይን ጠጅ ከተለወጠው ውኃ ቀጥሎ እንዲህ ያለ መለወጥ አላየሁም።

ሐዋርያው ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ አብራችሁ ማዕድ እንኳ አትቁረሱ ያላቸውን ስድስት ዓይነት ሰዎች ይዘረዝራል። ሴሰኛው አለ፣ ገንዘብ ወዳዱ አለ፣ ጣዖት አምላኪው፣ ተሳዳቢው፣ ሰካራሙ፣ በመጨረሻም ነጣቂው። ኮሚቴያችን ይህን ዝርዝር በቃሉ ያውቀዋል፤ ሥራ ሲበዛበት ግን በቅደም ተከተል መያዝ ግድ ሆነበት። ሰካራሙን ያዝን፤ ሰካራሙ ሲያመልጠን ጠማቂዋን ያዝን። ሴሰኛውን በተመለከተ ሆዷ የገፋውን ልጅ አገድን፤ ወንዱ ግን ለኮርስ አዲስ አበባ ሄዷል። ተሳዳቢው ቲክቶክ ላይ ስለሚያገለግል አልደረስንበትም። ጣዖትን ደግሞ ጎረቤት ሠርግ ላይ አገኘነው፦ አንድ የበርታ ሙሽራ ዙምባራ (የቅል መለከት) እየተነፋለት ሲወጣ አብሮ ያጨበጨበ ወጣታችን ሦስት ወር ተቀጣ። ቅል የሚያህል ማስረጃ ስለነበረው ጉዳዩ ቶሎ ተዘጋ። ገንዘብ ወዳዱና ነጣቂው ቀሩ። እነርሱን ለመመርመር ኮሚቴ ሲቋቋም የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው አባላት ስብሰባ ስለነበረባቸው ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም።

ያው ሐዋርያ እዚያው ላይ አንድ ነገር ጨምሮ ያስረዳል፦ ስለ ውጭው ሰው አላልኩም፣ እንደዚያ ከሆነማ ከዓለም መውጣት ሊኖርባችሁ ነው፤ ወንድም ተብሎ እየተጠራ እንዲህ ስለሚያደርገው ነው የጻፍኩት፣ የሚል አሳብ ነው። እኛ ይህን በጥንቃቄ ገልብጠነዋል። ከሙስሊሙ ጎረቤት ሠርግ እንርቃለን፤ ወንድም ከሚባለው ነጣቂ ጋር ግን በአንድ ትሪ እንቆርሳለን። የጽዋ ማኅበርተኞች ጎረቤቶቻችንም አይሳቁብን፤ የዝክሩን በሬ የሚገዛላቸው ማን እንደሆነ እናውቃለን።

አዲስ ነገር አመጣን ለማለት ግን አልደፍርም፤ አገሩ የቆየ ልምድ አለው። ቤላ ሻንጉል በ1890 ዓ.ም. በራስ መኮንን ዘመቻ ከተያዘ በኋላ፣ የአሶሳው ገዢ ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን ግብሩን በወርቅ ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ይልኩ ነበር። ወርቁን ወንዝ ዳር ከሚያጥቡት መካከል ባሪያዎች ነበሩ። በፍትሐ ነገሥቱ ክርስቲያን ባሪያ እንዲሸጥ አይፈቀድለትም ነበርና ንግዱ ባብዛኛው ለሙስሊሙ ነጋዴ ተተወ፤ በቤት ማሳደሩ፣ ማስፈጨቱ፣ ውኃ ማስቀዳቱ ግን ለክርስቲያኑ ተረፈለት። ሻጩ ረከሰ፣ አሳዳሪው ጾሙን ጾመ። ቤተ መንግሥት የገባውን ወርቅም ማን እንዳረደው የጠየቀ የለም። እኛ የዚያ ጥበብ ወራሾች ነን።

በመካከሉ ሌላ ዓይነት መለየት ታይቶ ነበር። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር እንዲወጡ መንገድ ተከፍቶላቸው እያለ ሕዝቤን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ፤ በሐምሌ 1971 በደርግ ሰዎች ታፍነው ተገደሉ። የተወለዱት ወለጋ ቦጂ ነው፣ ከአሶሳ ብዙ አይርቅም። ያኔ መለየት ነፍስ ያስከፍል ነበር። አሁን ተመስገን፣ ዋጋው ረክሷል፤ አንድ ጋን ጠላ ብቻ ነው የሚያስደፋው፣ እርሱም የሌላ ሰው ጋን።

አሳብ ካልጠየቃችሁኝም ልስጥ። ኮሚቴው የማሽተት ጸጋው የታወቀ ስለሆነ ለምን በጠላ ብቻ ይወሰናል? ሦስቱ ሽማግሌዎች አንድ ማክሰኞ ወደ ወርቅ ሱቁ ቢሄዱና ያቺን ነጭ ጨርቅ ተቀባብለው ቢያሸቷት ምን ይጎዳል? ይህን ለአንድ ሽማግሌ አንስቼበት ነበር። በትዕግሥት አዳመጠኝና «ወንድሜ፣ ወርቅ እኮ አይሸትም» አለኝ።

ልክ ነው። ወርቅ አይሸትም።

የጌታ እራት እሁድ ደረሰ። ጽዋው በዘቢብ ጭማቂ ተሞልቶ፣ ባለሚዛኑ ከፊት ቆሞ ዓይኑን ጨፍኖ እንባው እየወረደ ተካፈለ፤ እንባው እውነተኛ ነበር፣ አልዋሽም። እህታችን በመስኮቱ በኩል ከውጭ ቆማለች። ሰኞ ጠዋት መጥታ ትናንሾቹን ኩባያዎች አጠበች፤ ማጠብ በእገዳው ውስጥ አልተካተተም። እጇን በነጠላዋ አድርቃ ወደ ሒሳብ ክፍሉ ገባችና አስራቷን አቀረበች፣ ታጥፎ የጠበበ የሁለት መቶ ብር ኖት።

ሒሳብ ያዡ ተጨነቀ። ስልክ ደወለ። የታገደችው እርሷ ናት እንጂ አስራቷ አልታገደም ተባለ። ኖቱን ዘረጋው፣ ሳያስበው ወደ አፍንጫው አስጠጋው፣ ሳጥኑ ውስጥ ከተተው። ደረሰኙን አውጥቶ «ከእህት» ብሎ ጀመረና እስክሪብቶው ቆመ፤ በእገዳ ላይ ያለች ሴት እህት ትባላለች? ሰረዘው። «ከምእመን» ብሎ ጻፈ፣ እርሱንም ሰረዘው። እርሷ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። በመጨረሻ «ከአንዲት ሴት፣ ብር 200» ብሎ ጻፈና ማኅተሙን መታበት።